በሹካ የተደገፈው ሳህን

ጭሱ በበሬ ሥር ሲገባ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የራሴን ካውያ ነው። የሰው ቀሚስ ካቃጠልኩ ገና ዓመት ስላልሞላኝ፣ ትንሽ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ካውያው ግን ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ጭምት ብሎ ተቀምጧል። ጭሱ የሚመጣው ከፊት ለፊቴ ካለው ቤት፣ ከጋሽ ፌርማታ ቤት ነበር።

ፌርማታ ስማቸው አይደለም። ጋሼ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ሲመለሱ በየፎቁ ቆም ይሉና ቁልፎቻቸውን ከደረጃው ብረት ጋር አንዴ ኳ አድርገው "ፌርማታ!" ይላሉ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ኳ ይላል። የሕንፃው ሰው ሁሉ ሰዓቱን የሚያውቀው በሳቸው ቁልፍ ነበር። እኔም የመጀመሪያዋን ኳታ ሳልሰማ አምፖል አላበራም። በየፎቁ የሚቆሙት ትንፋሽ አጥሯቸው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፊት ለፊት የነገራቸው ግን የለም። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ጠዋት ያንኑ ሰማያዊ የሾፌር ጃኬት ለብሰው ይወጡና ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ዳማ ሲጫወቱ ውለው፣ በዚያችው ሰዓት ኳ እያደረጉ ይመለሱ ነበር።

ይህ የቆየው ከስምንት ወር በፊት ድረስ ነው። ያኔ ባለቤታቸው፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለው ሱቅ ሲመለሱ የቤታቸው አቅጣጫ ጠፋባቸውና ሰው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ። ጋሽ ፌርማታ በማግስቱ ጃኬቱን ጠቅልለው እኔ ዘንድ መጡ።

"እንቺ መርፌ" አሉኝ። እኔም ስሜ መርፌ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። "ይሄን ፍቺና የወንበር ትራስ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ የትም አልወጣም። ከአጠገቧ አልነሳም።"

ቃላቸውን ጠበቁ። ዳቦውን፣ ወተቱን፣ መድኃኒቱን የማመጣላቸው እኔ ሆንኩ። ሳሙናም ሲያልቅ የሚጮኹት ወደ እኔ ነው። እሳቸው ግን ከዚያ ቤት ደፍ አላለፉም።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጭሱን ተከትዬ በሩን ገፋ ሳደርግ፣ ጋሽ ፌርማታ ምድጃው ፊት እጃቸውን እንደተማረከ ወታደር ወደ ላይ አንስተው ቆመዋል። ሁለቱም እጃቸው እስከ አንጓቸው በእንቁላልና በዱቄት ተለውሶ፣ በዚያ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ተጣብቆበት እያንዳንዱ ጣታቸው ቋሊማ አክሏል።

"ጋሼ፣ ዛሬ የሚጠበሰው ዓሣው ነው እርስዎ?"

"አትሳቂ! መጀመሪያ ጋዙን አጥፊልኝ፤ መዝጊያውን መንካት አልቻልኩም።"

አጠፋሁት። መጥበሻው ውስጥ ያለው ነገር ያሳዝናል። ፍርፋሪው ከዓሣው ተላቆ ለብቻው ከሰል ሆኗል፤ ዓሣው ደግሞ ራቁቱን ቀርቶ ተበታትኗል። መስኮቱን ከፈትኩ። እትዬ መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በጭስ መሃል እንደ ፎቶግራፍ ዝም ብለው በሩን ያያሉ።

"ምን አስቸኮለዎት?" አልኳቸው ጋሽ ፌርማታን፣ እጃቸውን በቢላ ጀርባ እየፋቅሁላቸው። "ዓሣ አማረኝ ቢሉ ከታች ገዝቼልዎት አልመጣም?"

"ለኔ መሰለሽ?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጅቷ እሁድ ትመጣለች።"

"ትምጣ! የራስዎ ልጅ አይደለችም እንዴ?"

"ይዛት ልትሄድ ነው።"

እጄ ቀጥ አለ። ልጃቸው ሌላ ከተማ አስተማሪ ናት፤ በየማታው ትደውላለች። እትዬ ምግብ እምቢ ካሉ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ከወተትና ከሻይ በቀር በአፋቸው የገባ የለም። ሾርባ አመጣሁ፣ እምቢ አሉ። ገንፎ ተሞከረ፣ ሙዝ ተሞከረ። ሁሉንም በትሕትና "አመሰግናለሁ፣ በኋላ" እያሉ ይመልሱታል። ሐኪሙ ለልጅቷ እንዲህ ከቀጠለ ቤት ውስጥ መቆየት የለባቸውም፣ ቀንና ሌሊት ነርስ የማይለያቸው ቦታ ይግቡ ብሏታል። እሷም በሥራ ቦታዋ አቅራቢያ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አግኝታለች።

"አልጋ ተገኝቷል አለችኝ" አሉ ጋሽ ፌርማታ። "የአንድ ሰው አልጋ። አርባ ዓመት ሙሉ ግድግዳው በኩል የምትተኛ ሰው፣ ማን ግድግዳ ሊሰጣት ነው?"

"ጋሼ…"

"እስከ እሁድ ከበላች ግን ትቀራለች። ልጅቷ ራሷ ቃል ገብታልኛለች፤ 'አባዬ፣ ስትበላ ካየኋት አልነካትም' ብላኛለች። ስለዚህ የራሷን ዓሣ ልሥራላት አልኩ። ይሄን እምቢ አትልም። ይሄን እምቢ ካለችማ…"

የእትዬን ዓሣ ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል። ዓሣ ሻጩ በሠፈራችን የሚያልፈው ሐሙስ ሐሙስ ነው። እትዬ አጥንቱ የወጣለትን ፊሌቶ ይገዙና ጣት ጣት አሳክለው ይቆርጡታል፤ ከዚያ በዱቄት፣ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ አልብሰው ይጠብሱታል። ጥርስ ሲነካው ኩርሽም ይላል፤ ውስጡ ግን እንደ ጥጥ ነው። ለኔም ሁለት ሁለት በትንሽ ሳህን ይደርሰኝ ነበር። ያን ቀን ምሳዬን አሳንሼ እንደምበላ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ግን እኮ አብራችሁ ነበር የምትሠሩት" አልኩ። "ሐሙስ ጠዋት በሩ ክፍት ሲሆን ጎን ለጎን ቆማችሁ ስንት ጊዜ አይቻችኋለሁ።"

"አብረን!" ሳቅም ምሬትም ያለበት ድምፅ አወጡ። "እኔ እኮ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነበርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ሥራ የምገባው አርፍጄ ስለሆነ ፍርፋሪው ጋ ታስቀምጠኛለች። 'አንተ ደረቁ እጅ ነህ፣ እኔ እርጥቡ፤ ከተቀላቀልን ሁለታችንም ሊጥ እንሆናለን' ትለኛለች። ዓሣው እኔ ጋ ሲደርስ ረጥቦ ነው። እኔ ፍርፋሪ ላይ አገላብጬ ትሪ ላይ እደረድራለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራ። ማታ ስመጣ ተጠብሶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከኔ በፊት ምን እንደሚሆን፣ ከኔ በኋላ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።"

"መቼም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዴ ዞር ብሎ ማየት አይከብድም ነበር።"

"ሾፌር ነኛ! ዓይኔ ከፊት ከፊት ነው" አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ ፊሌቶው ገና ውሃ እያዠ ተዘርግቷል። በመጀመሪያ እንቁላል፣ ከዚያ ዱቄት፣ ከዚያ ፍርፋሪ እንዳደረጉትና ሁሉንም በሁለቱም እጃቸው እንደነከሩት ከሳህኖቹ መልክ ያስታውቃል።

ያን ጊዜ ከኋላችን ወንበር ተንቋቋ። እትዬ ተነሥተው ነበር።

"እንግዳ መጣ እንዴ?" አሉ።

"እኔ ነኝ እትዬ፣ ሰፊዋ።"

"አንቺንማ አውቅሻለሁ። ቀሚሴን ስንት ወር አስቀመጥሽው?" ያ በሽታ ስንቱን ነገር ሲያጠፋ ይቺን አስቀርቶብኛል። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ጋሽ ፌርማታ አመለከቱና ዝቅ ባለ ድምፅ "እኚህ ሰውዬ ግን ዛሬም መጥተዋል?" አሉኝ።

ጋሽ ፌርማታ ፈገግ አሉ። በእነዚያ ስምንት ወራት ያጠኑት ፈገግታ ነው፤ እንግዳ ሰው ቤት ተቀምጦ ሻይ ሲቀርብለት የሚፈግገው ዓይነት። እትዬ ጠረጴዛው ጋ ደርሰው ዓሣውን በጣታቸው ጫና ጫና አደረጉት።

"ምን አድርጋችሁት ነው? ይሄ እኮ ውሃ ጠጥቷል! በውሃ ላይ ዱቄት ይይዛል?"

ማንም ሳይነግራቸው ከመሳቢያ ንጹሕ ጨርቅ አወጡ። ዓሣውን እንደ ሕፃን ልጅ ፊት ቀስ እያደረጉ አደረቁት፣ ቆረጡት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነሱበት። የተበላሸውን እንቁላል ደፍተው ሌላ መቱ። እኔ ፍርፋሪውን አዲስ ሳህን ላይ አደረግሁና መጨረሻው ላይ አስቀመጥኩት። ለጋሽ ፌርማታ በዓይኔ "ቦታዎን ይያዙ" አልኳቸው። ታጥበው መጥተው ቆሙ።

እትዬ አንዷን ቁራጭ ዱቄት ላይ አገላበጡና ትርፉን አራገፉት። በግራ እጃቸው እንቁላሉ ውስጥ ነክረው ቀና ሳይሉ ወደ ፍርፋሪው ጣል አደረጉ። ጋሽ ፌርማታ በደረቅ እጃቸው ተቀበሉ። ሁለተኛዋ መጣች። ሦስተኛዋ። እትዬ ቀና ብለው አያዩም፤ ሳህኑ የት እንዳለ፣ የሚቀበለው እጅ መቼ ባዶ እንደሚሆን እጃቸው ያውቃል። እኔ የልብስ ስፌት መኪና ስለማውቅ ነው መሰለኝ፣ ከላይኛው መርፌና ከታችኛው የክር ማጠንጠኛ ጋር አመሳሰልኳቸው። አንዱ ሌላውን ሳያየው ክሩ ይያያዛል።

"እጅዎ ጥሩ ነው" አሉ እትዬ፣ እርጥቧን እጃቸውን ሳያቆሙ። "ከዚህ በፊት ሠርተው ያውቃሉ?"

"ትንሽ ትንሽ" አሉ ጋሽ ፌርማታ።

"ማን አስተማረዎት?"

"ባለቤቴ።"

"ጎበዝ ሴት ናት።"

"ናት" አሉ። ፍርፋሪው ላይ ጎንበስ አሉ፤ አንዷን ቁራጭ ከሚገባው በላይ ደጋግመው አገላበጧት።

ከዚያ ትሪው ፍሪጅ ገባ። "ግማሽ ሰዓት ካላረፈ ልብሱን ያወልቃል" አሉ እትዬ። ያቺ ናት እንግዲህ ጋሼ ያላወቋት። ዘይቱ ሲግል አንዲት ፍርፋሪ ጣሉበት፤ ወዲያው ሽው ብላ ስትንሳፈፍ "አሁን" አሉ። አምስት አምስት እያደረጉ ጠበሱ፤ ስድስተኛ ልጨምር ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ። ወርቅ መስሎ ሲወጣ ሶፍት ላይ አሳረፉት። ቤቱ በዚያ በድሮው የሐሙስ ሽታ ተሞላ። ጋሽ ፌርማታ ፊታቸው ልጅ መሰለ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሳህን ሞልተው፣ ሎሚ ሰንጥቀው፣ እትዬን በክንዳቸው ደግፈው ጠረጴዛው ጋ አስቀመጧቸው። ራሳቸውም ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"በይ ብዪ እስቲ። በሞቴ።"

እትዬ ሳህኑን አዩ፣ ጋሽ ፌርማታን አዩ። "እናንተ ብሉ" አሉ። "ደክማችኋል።"

"አንዲት ብቻ። ይኸው እኔም እበላለሁ።" ቆረሱ። ኩርሽም አለ። "ውይ እንዴት ይጣፍጣል! አንቺው ነሽ እኮ የሠራሽው።"

"አመሰግናለሁ። በኋላ።"

"ግማሿን። ትንሽ ጫፏን። አፈር ስሆን!"

"በኋላ አልኩ እኮ" አሉ እትዬ፣ ቅር ብሏቸው። ለእኔና ለጋሽ ፌርማታ ሁለት ሁለት አወጡልንና የቀረውን ሌላ ሳህን ደፍተው ከደኑት። ወደ ጠረጴዛው ራስ ገፋ አድርገው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ። ዓይናቸው እንደገና በሩ ላይ ተተከለ።

ጋሽ ፌርማታ ተነሥተው ወደ እቃ ማጠቢያው ሄዱና ቧንቧውን ከፈቱ። ለመታጠብ አልነበረም። ሁለቱንም እጃቸውን በእቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተደግፈው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ፤ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል፣ እጃቸው ግን ደረቅ ነው። ሰው ሲያለቅስ ድምፁን ለመሸፈን ቧንቧ የሚከፍተው ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

የማደርገው ጠፍቶኝ ጠረጴዛውን ማጽዳት ጀመርኩ። የተከደነውን ሳህን ላነሳ ስል ነው ያየሁት። ከታችኛውና ከላይኛው ሳህን መሃል፣ በጠርዙ በኩል ሹካ ገብቷል። ክዳኑ በሹካው ላይ ተደግፎ አንድ ጎኑ ትንሽ ከፈት ብሏል። ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ እንፋሎቱ መልሶ ይወርድበትና ፍርፋሪው ይልመሰመሳል፤ ያቺ ክፍተት እንፋሎቱን ታስወጣለች። አንድ ሰዓት ቢቆይ እንኳን ኩርሽምታው አይጠፋም።

ቆየሁና ገባኝ። የማይበላ ሰው ለማን ብሎ ነው ኩርሽምታ የሚጠብቀው?

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። "እትዬ፣ ለምንድን ነው የማይበሉት? አልራበዎትም?"

"እንዴት አይርበኝ" አሉ። እንደ ሞኝ አዩኝ። "ባለቤቴ ሳይመጣ ልብላ? መች በልቼ አውቃለሁ?" ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ፈራ። "ዛሬስ በጣም ዘገየ። የሱን ቁልፍ ሰምተሻል አንቺ?"

ሲጠብቋቸው የቆዩት ዘጠኝ ቀን አልነበረም ለካ። ወራት ነበር። በመጀመሪያ ምናልባት አንዳንዴ መጠበቁን ይረሱና ይበሉ ነበር ይሆናል፤ ቆይቶ ግን የሚያስታውሱት ሁሉ ተሟጦ ሲያልቅ የቀረችው ይቺ አንዲት ነገር ናት፤ እሱ ሳይገባ አልበላም።

ጋሽ ፌርማታን በእጅጌያቸው ጎትቼ ኮሪደር ላይ አወጣኋቸው። ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ከገባቸው በኋላ ደግሞ ተቆጡ።

"እኔ እኮ እዚሁ ነኝ! ስምንት ወር ሙሉ ለአንዲት ደቂቃ ከአጠገቧ ተነሥቼ አላውቅም!"

"እሱ ነዋ ነገሩ፣ ጋሼ። አልወጡም። ካልወጡ ደግሞ አይገቡም።"

ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወደ ታች ተንሸራተቱና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ባልናገርኩት ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ሰው ከፍቅሩ ብዛት የሠራውን ስህተት ፊቱ ላይ ሲያዩበት አያምርም።

ከዚያ "ጃኬቴስ?" አሉኝ። "ትራስ ሆኖ አልቋል አይደል?"

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ደንበኞቼ ሁሉ የሚሰድቡኝ በአንድ ነገር ነው፤ "ነገ" ስለምል። ያ ጃኬት ስምንት ወር ሙሉ ከእትዬ ቀሚስ ሥር ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ጨክኜ ጀምሬው የግራ እጅጌውን ፈትቼዋለሁ። በዕድሜዬ ስንፍናዬ ለሰው የጠቀመው ያን ቀን ነው። ሮጬ አወጣሁት። መኪናው ላይ የነበረው ነጭ ክር ነው፤ ሰማያዊ እስክፈልግ ደግሞ ጊዜ የለም። እጅጌውን በትልልቅ ስፌት በእጄ ወሰወስኩት። ጋሽ ፌርማታ ነጠላ ጫማቸውን በቆዳ ጫማ ቀየሩ። ፀጉራቸውን በእርጥብ እጅ ለበጥ አደረጉ። ጃኬቱ አሁን ይሰፋቸዋል።

"ቁልፍዎን ይዘዋል?"

አሳዩኝ። "መርፌ፣ ባታውቀኝስ?"

"ካላወቁዎት ተመልሰው ይወርዳሉ፤ ምን አለ? ዛሬ የትራፊክ ፖሊስ የለም" አልኩ። ቀልድ አይሉት ነገር፤ ሌላ ግን አልመጣልኝም።

ወረዱ። እኔ ተመልሼ እትዬ ጋ ቆምኩ። አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ታች በር ተዘጋ። ከዚያ፣ ከስምንት ወር በኋላ፣ ኳ አለ።

እትዬ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ፌርማታ" የሚለው ድምፅ ደክሞ፣ ሻክሮ ከታች መጣ። ቆየ። ሁለተኛው ኳታ። እትዬ በሁለት እጃቸው ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አስተካከሉ፣ የሹራባቸውን ቁልፍ ቆለፉ። በሦስተኛው ላይ ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም። ክዳኑን አነሡና ሹካውን ከቀኙ በኩል አስቀመጡ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ፌርማታ ደፉ ላይ ቆመው እንደ ተማሪ ጃኬታቸውን ወደ ታች ይስቡታል።

"ዘገየህ" አሉ እትዬ።

"መንገዱ ተዘጋግቶ ነው" አሉ ጋሽ ፌርማታ። "ይቅርታ። በጣም ተዘጋግቶ ነበር።"

"ታጠብና ና። ቀዘቀዘ።"

ተቀመጡ። እትዬ አንዷን አነሡና ቆረሱ። ኩርሽም! ያን ድምፅ ስሰማ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሁለተኛ አነሡ፣ ሎሚ ጨመቁበት። ሦስተኛውን እየበሉ የጃኬቱን ትከሻ አተኩረው አዩ።

"እጅጌህን በነጭ ክር የሰፋው ማነው?"

"ሰፊዋ።"

"ድሮም እሷ!" አሉ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ።

ከዚያ አፋቸውን ጠርገው ወደ ጋሽ ፌርማታ ጠጋ አሉ። "አንተ በሌለህበት አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ፤ ነግሬህ አላውቅም። እንዳትቆጣ ብዬ ነው።"

ጋሽ ፌርማታ ሹካቸውን አስቀመጡ። "ምን ዓይነት ሰው ናቸው?"

"ደግ ናቸው። ሻይ ያፈሉልኛል፣ ጫማዬን ያደርጉልኛል። ግን ሆድ የባሳቸው ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው ሲያዩኝ ይውላሉ። ማንም የላቸውም መሰለኝ።" ትንሽ አሰቡ። "ዛሬ ዓሣውን አበላሽተውብኝ ነበር፤ ግን አልተናገርኳቸውም። ቢመጡ አታስወጣቸው።"

"አላስወጣቸውም" አሉ ጋሽ ፌርማታ።

እትዬ ከሳህኑ ሁለት አንሥተው በትንሽ ሳህን ላይ አደረጉ፣ ደፍተው ከደኑት፣ ሹካ አስገቡበት። "ይሄ የሳቸው ነው" አሉ።

እሁድ ልጅቷ መጣች። ባዶ ሻንጣ ይዛ ነበር። አባቷ ጃኬት ለብሰው ሲወጡ፣ ከታች ኳ እያደረጉ ሲመለሱ፣ እናቷም ዘገየህ ብለው ሲቆጡና ሲበሉ በዓይኗ አየች። ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ቤት አስገብቼ ውሃ ሰጠኋት። ሻንጣዋን እንደመጣ ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

ጃኬቱ አሁን የሚሰቀለው እኔ ቤት ነው። እቤታቸው ከሰቀሉት እትዬ ያዩትና "ከመጣ የት ሄደ?" እያሉ ይጨነቃሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ጋሽ ፌርማታ በነጠላ ጫማ ይመጣሉ፣ ጃኬቱን ለብሰው ሦስት ፎቅ ይወርዳሉ፣ ሦስት ፎቅ ይወጣሉ። አሁን በየፎቁ የሚቆሙት ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ለምግቡ ሰዓት ያህል ባል ናቸው። ምግቡ ሲያልቅ "ወደ ሥራ ልሂድ" ብለው ይወጣሉ፣ ጃኬቱን ለኔ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ወደ ገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ አንኳኩተው ይገባሉ። እጅጌውን በደህና ክር ልስፋልዎት ብላቸው፣ ነገ ነገ እያሉኝ ነው። ከኔ የተማሩት ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጃኬቱን ይዘው ሳይመልሱ ቢቆዩብኝ ልቀበላቸው ገባሁ። እትዬ አልጋ ላይ፣ በግድግዳው በኩል፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጋሽ ፌርማታ በሹራብ ብቻ ምድጃው አጠገብ ቆመው ከዚያች ከትንሿ ሳህን ይበላሉ። ጃኬቱ ተጣጥፎ ወንበር ላይ ነው።

"ቅድም አልበሉም እንዴ ጋሼ?"

"በልቻለሁ። ይሄ የኔ አይደለም" አሉ በሹክሹክታ። "የሰውዬው ነው።"

"ይጣፍጣል?"

"ቀዝቅዟል። ኩርሽምታው ጠፍቷል፤ ለሳቸው ስታስቀምጥ ሁልጊዜ ይቆያላ።" የመጨረሻዋን ቁራሽ አኝከው ዋጡ። ሳህኗን አጠቡ፣ ሹካዋን አጠቡ፣ በጨርቅ አድርቀው እትዬ ሲነቁ በሚያዩበት በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ባዶዋን አስቀመጧት።

"ሳይበሉላት ከቀሩ ይከፋታል" አሉኝ።